አዳራሽ፣ የፊሺንግ ፈተና ወይስ የሚደወልለት ሰው? የመንግሥት ቢሮን ንቁ ለማድረግ የቱ ያዋጣል

በጀት ሊዘጋ ሲል እዚህ ጅማ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። "ለሳይበር ደህንነት ግንዛቤ የተያዘች ብር አለች። ምን እናድርግባት?" መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ አሠልጣኝ ይጠራል፣ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፣ አበል ይፈረማል፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ይነሳል። ሪፖርቱ ላይ "ግንዛቤ ተፈጥሯል" ተብሎ ይጻፋል። በማግስቱ አንዷ የፋይናንስ ባለሙያ የሲስተሙን ፓስወርድ ለባልደረባዋ ጮክ ብላ ትነግራታለች፣ ባልደረባዋም ከክፍሉ ማዶ ሆና ፊደል በፊደል ደግማ ታረጋግጣለች።

ስልጠና መጥፎ ነው አልወጣኝም። ከአማራጮቹ አንዱ ነው፣ ያውም ውዱ። ይህን የምጽፈው ለቢሮ ኃላፊዎች፣ ለአይሲቲ ባለሙያዎችና "አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ" ተብላችሁ ሳታስቡት የደህንነት ተጠሪ ለሆናችሁ ሰዎች ነው። ወገንተኝነቴን ከመጀመሪያው ልናገር። ሌላው ሁሉ ቀርቶ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ፣ ሠራተኛው ግራ የሚያጋባ ነገር ሲያይ ወዲያው የሚደውልለት ሰው መድቡ።

ምንድን ነው የሚመጣብን?

በሰኔ 2012 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋሙ፣ ሁላችንም ኢንሳ የምንለው፣ ራሳቸውን "ሳይበር ሆረስ ግሩፕ" እያሉ የሚጠሩትን ጨምሮ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች በሕዳሴ ግድቡ ሙሌት ዋዜማ በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ትልቅ ዜና ነው። የከተማና የወረዳ ቢሮ ግን በአብዛኛው የሚጎዳው በዚህ ዓይነቱ አይደለም።

በፍላሽ ነው። መብራት ሄዷል፣ ወይም የቢሮው ፕሪንተር ቶነር ጨርሷል፣ ደብዳቤው ደግሞ ዛሬ መውጣት አለበት። ጸሐፊዋ ፍላሽ ይዛ አቅራቢያዋ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ፍላሹ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን ዳብል ክሊክ ስታደርገው መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ወዲያው ደግሞ የፈለገችው ፎልደር ይከፈትላታል። ስለዚህ ምንም የተበላሸ ነገር አይታያትም። ከዛ ፍላሹ ወደ ግዥ ክፍል ይሄዳል፣ ከግዥ ወደ መዝገብ ቤት።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ከምታውቁት ሰው አካውንት "ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ" የሚል ሊንክ ይመጣል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን አስረከበ ማለት ነው። ይኼ የግል ጉዳይ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የቢሮው ግሩፕ እዛው ስልክ ላይ ነው፤ ማኅተም ያረፈባቸው ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የተጫራቾች ሰነድ፣ የሠራተኛ መታወቂያ ኮፒ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይነበባል።

ሦስተኛው "ከላይ ነው የምደውለው" የሚለው ስልክ ነው። ስለዚህኛው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

የአዳራሽ ስልጠና

ጥቅሙን እንመን። ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲሰማ ሠራተኛው ነገሩን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። ኃላፊው ተነስቶ "እኔም ብሆን በስልክ ፓስወርድ ብጠይቃችሁ እንዳትሰጡኝ" ካለ ደግሞ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከቀኑ ስላይድ ሁሉ ትበልጣለች።

ችግሩ እንደሚረሳ ነው። ጀርመን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ስለ ፊሺንግ፣ ማለትም በውሸት መልእክት አታልሎ ፓስወርድና መረጃ ስለመስረቅ፣ የሠለጠኑት ሰዎች ከአራት ወር በኋላም የተማሩትን ያስታውሱ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። እኛ የምናሠለጥነው በዓመት አንዴ ነው፣ ያውም በጀት ከተረፈ። እንግዲህ አስሉት፤ ሠራተኛው ግማሹን ዓመት እንዳልሠለጠነ ሰው ነው የሚሠራው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ቋንቋ ነው። ጅማ ውስጥ የክልሉ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ የፌዴራል ቅርንጫፎች በአማርኛ ይሠራሉ፣ የአሠልጣኙ ስላይድ ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ እንግሊዝኛ ነው። ስላይዱ ላይ ያለው ምሳሌ የአሜሪካ ባንክ ኢሜይል ከሆነ ማንም ከራሱ ጋር አያገናኘውም። አሠልጣኝ ከመቅጠራችሁ በፊት ስላይዱን አስልኩና እዩት። ሾርትከት ቫይረስና የቴሌግራም ኮድ ከሌለበት ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛው የተሳታፊ ስም ዝርዝር ነው። አበል ስላለው ቡድን መሪና ባለሙያ ይሞላዋል። በሩን የሚከፍተው ጥበቃ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍል የምትገባው የጽዳት ሠራተኛ፣ ደብዳቤ የምትቀበለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይቀራሉ። እነሱ ሳይኖሩበት የተሰጠ ስልጠና ግማሽ ነው።

በአጭሩ፣ አዳራሽ ለመክፈቻ ጥሩ ነው። ለዓመት ሙሉ አይበቃም።

አጭር ቪዲዮና ማስታወሻ

የዛው የጀርመን ጥናት ሌላው ግኝት እዚህ ጋ ይጠቅመናል። ለተረሳው ነገር ማስታወሻ ሆነው ከተሞከሩት ውስጥ የተሻለ የሠሩት ቪዲዮና ሠራተኛው ራሱ የሚሞክረው መልመጃ ናቸው፣ ውጤታቸውም ቢያንስ ሌላ ስድስት ወር ዘልቋል። ወረቀት ከማደል ይህ ይሻላል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ቀርጻችሁ በየሩብ ዓመቱ ቢሮው ግሩፕ ላይ መጫን ምንም አያስወጣም። የራሳችሁ ጸሐፊ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ ፍላሽ ላይ ብታሳይ ከየትኛውም ባለሙያ የተሻለ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዲዮውን ራሱን ጫኑት እንጂ ሊንክ አትላኩ። "ሊንክ አትንኩ" የሚል ትምህርት በሊንክ የላከ ቢሮ አይቻለሁ። ፋይሉም ትንሽ ይሁን፣ ሠራተኛው በራሱ ዳታ ነው የሚያወርደው።

የፊሺንግ ፈተና

ይኼ አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። ቢሮው ራሱ የውሸት ኢሜይል ለሠራተኞቹ ይልካል፣ የነካ ይታወቃል፣ "ተሸወድክ፣ ተማር" የሚል ገጽ ይወጣለታል። ጎፊሽ የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፣ ትንሽ ሰርቨር የሚችል ባለሙያ ያቆመዋል። የሚከፈልባቸውም አሉ፣ በዶላር ስለሆኑ ስለነሱ አላወራም።

ይሠራል ወይ? ዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ድርጅት ከ14,000 በላይ ሠራተኞች ላይ ለ15 ወራት ሞክረውታል። የነካውን ሰው እዛው በዛው የሚያስተምረው ገጽ ሠራተኛውን ጠንቃቃ አላደረገውም፣ እንዲያውም ይበልጥ እንዲሸወድ ሳያደርገው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በካሊፎርኒያ ሳንዲየጎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተቋም 19,500 ገደማ ሠራተኞች ላይ ለስምንት ወራት የተሠራ ጥናት ወጣ፤ በሠለጠኑትና ባልሠለጠኑት መካከል የተገኘው ልዩነት 1.7 በመቶ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጣጣ?

ሰውን ማስቀየሙም አለ። ጎዳዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020፣ ሰው በኮቪድ በተቸገረበት ሰዓት፣ "የ650 ዶላር የበዓል ቦነስ አላችሁ" ብሎ ለሠራተኞቹ የፈተና ኢሜይል ላከ። የነኩት ሰዎች ቦነስ ሳይሆን ተጨማሪ ስልጠና ተላከላቸው። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። እኛ ጋ ቢሆን ደግሞ ውጤቱ ቀጥታ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ይለጠፋል፣ ከዛ ማን ነው "ነክቻለሁ" ብሎ የሚናገረው?

ከሁሉም በላይ ግን ብዙ የወረዳና የከተማ ሠራተኛ የቢሮ ኢሜይል አይጠቀምም። አድራሻ ተሰጥቶት ከሆነም ከፍቶት አያውቅም። ሥራው በቴሌግራም ነው። በኢሜይል ፈትናችሁ "ማንም አልተሸወደም" ብትሉ፣ ማንም አላነበበም ማለት ነው።

በጎቭ ዶት ኢቲ ኢሜይል ዕለት ተዕለት የሚሠራ ተቋም ከሆናችሁ ሞክሩት። ግን የነካውን ትታችሁ ስንት ሰው "ይኼ ነገር ያጠራጥራል" ብሎ እንደደወለ ቁጠሩ። ስም አትያዙ። ኢሜይሉ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበርም መዝኑ፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ለዚህ ብሎ "ፊሽ ስኬል" የሚባል መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቷል። ቀላል ኢሜይል ልኮ "ጎበዞች ነን" ማለት ለማንም አያዳግትም።

የሚደወልለት ሰው

አሁን ወደ ራሴ ምርጫ መጣሁ። ከላይ ያለው የዙሪክ ጥናት ሌላ ግማሽ አለው። ሠራተኞቹ ኢሜይላቸው ላይ "አጠራጣሪ ነው" የሚሉበት ቁልፍ ተሰጥቷቸው ነበር። ቶሎ ይጠቁሙ ነበር፣ ጥቆማው ትክክል ነበር፣ ወራት አልፈውም አልሰለቹም። ማስተማሩ ያላመጣውን መጠቆሙ አመጣው።

በእኛ መሥሪያ ቤት ባህል ግን ዝም አይነቅዝም። ፍላሹን የሰካው ሰው ዝም ይላል፣ ኮዱን የሰጠችው ዝም ትላለች፣ ሲስተሙ ሲቆም "ኔትወርክ የለም" ይባላል። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ሲፈነዳ ኮሚቴ ይቋቋማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዝምታው ምን እንደሚያስከፍል የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች የባንኩ ሲስተም ውስጥ ገብተው 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለማስተላለፍ ትዕዛዝ ላኩ። የላኩት ሐሙስ ማታ ነው፣ እዛ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆነ። ዓርብ ጠዋት የገባው ተረኛ የዝውውር መልእክቶችን የሚያትመው ፕሪንተር እንደማይሠራ አየ። ፕሪንተር መቼም ይበላሻል፣ የተለመደ ብልሽት መሰለው። 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ደረሰ። ምልክቱ ሰው ዓይን ሥር ነበር። እኛ ጋ ፕሪንተር አልሠራም ቢል ማን ምን ይጠረጥራል?

እና እንዴት ይሠራል? አንድ ሰው ይመደባል፣ ሌላ ተተኪ ይመደባል፣ የሁለቱም ስልክ በየጠረጴዛው መስታወት ሥር ይገባል። አይሲቲ ባለሙያ መሆን የለበትም፤ የሚቀረብ፣ የማይቆጣና ስልክ የሚያነሳ ይሁን። ሲደወልለት ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ "ደግ አደረግሽ" ይላል፣ ቀልዴን አይደለም፣ ሁለተኛ ጊዜ የምትደውለው ለዛ ነው። ከዛ "የኔትወርኩን ገመድ ንቀይ፣ ኮምፒውተሩን አታጥፊው፣ እየመጣሁ ነው" ዓይነት ግልጽ ነገር ይነግራታል።

ሦስተኛው ሥራ ደብተር ነው፣ መረጃ የሚባለውም እሱ ነው። ተራ የመዝገብ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ምን መጣ፣ ከየትኛው ቁጥር፣ ለየትኛው ክፍል፣ ምን ተደረገ። ሰኞ "ከዞን ነው" ባይ ለፋይናንስ ደወለ እንበል። ማክሰኞ በዛው ቁጥር ለግዥ ተደወለ። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ተራ ስልኮች ናቸው። ደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ ሰው ቢሮውን እየዞረ እንደሆነ ይታያል፣ ረቡዕ ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ ማስጠንቀቅ ይቻላል፣ ለጎረቤት መሥሪያ ቤትም መደወል ይቻላል። ጅማ ትንሽ ናት፤ ተጠሪዎቹ አንድ ቡና ላይ ተገናኝተው ደብተር ቢያስተያዩ የትኛውም የውጭ ድርጅት የማይሸጥላቸውን መረጃ ያገኛሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፣ በእኛ አገር ዋነኛው። "ጠቁሙ" ስትሉ ሰው የሚሰማው "ጆሮ ጠቢ ሁኑ" ነው። ታሪካችን ያንን አስተምሮታል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሰው አይጻፍም፣ ክስተት ነው የሚጻፍ። ማን ከማን ጋር ሻይ ጠጣ፣ ማን ምን ፖስት አደረገ የሚለው ቦታ የለውም። ያ በሕግ የሌላ ተቋም ሥራ ነው፣ ቢሮአችሁ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሁለተኛ የሚደውል አታገኙም። በተቃራኒው የሳይበር ጉዳይ ሲሆን ሕጉ ራሱ ያስገድዳችኋል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የመንግሥት ተቋም በሚያስተዳድረው ሲስተም ላይ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወዲያውኑ ለኢንሳ እንዲያሳውቅና ለፖሊስ እንዲያመለክት ይላል። ደብተር የሌለው ቢሮ ምን ብሎ ያመለክታል?

ከውጭ የሚመጣ መረጃ

አጭር ላድርገው። በነጻ የሚገኘው ከበቂ በላይ ነው። ኢንሳ የሚያወጣቸው ማሳሰቢያዎች አሉ። የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት ሲሳ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አጥቂዎች በተግባር እየተጠቀሙባቸው ያሉ ክፍተቶችን ዝርዝር በይፋ ያወጣል። "ሃቭ አይ ቢን ፖንድ" የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ኢሜይላችሁ የሆነ ቦታ ሾልኮ ከሆነ ታዩታላችሁ። የሚያነብ ሰው ከሌላችሁ ግን አንዱም አይጠቅምም፣ የሚከፈልበትማ ጭራሽ።

ብሩን ዕቃ ላይ ብናውለውስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንዳንዴም መልሱ አዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ወደ 150 አገሮች ሲዳረስ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር፤ አፕዴት ያደረገ ዳነ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፣ ስንት የቢሮ ኮምፒውተር በሱ እንደሚሠራ ዞር ብላችሁ ቁጠሩ። ኮስታሪካን እዩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኮንቲ የሚባል ቡድን የገንዘብ ሚኒስቴሩን ፋይል ቆለፈ፣ ጥቃቱ ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተዛመተ፣ በግንቦት አዲሱ ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ቻቬስ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ነው የሚያድነው። ስለዚህ ባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ የፋይል ቅጂ፣ ከሌላችሁ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁሙና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ።

በነጻ የሚደረገውን ደግሞ ዛሬውኑ አድርጉ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዛ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ኮዱን የሰጠ ሰው እንኳ ሁለተኛውን ፓስወርድ ካልሰጠ አካውንቱ አይወሰድም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ብቻውን እንኳ 96 በመቶ የጅምላ ፊሺንግ አስቁሟል። በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ማስቀየሩን ግን ተዉት። ኒስት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አይመክርም፣ ውጤቱም ኪቦርድ ሥር የተለጠፈች ወረቀት ናት።

ታዲያ ለማን የቱ?

ሦስት አራት ኮምፒውተር ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፦ ባክአፕ፣ ተጠሪ፣ ደብተር። አበቃ። አዳራሽ አያስፈልጋችሁም፤ ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ፍላሽ የሚፈተሽበት አንድ ኮምፒውተር ለይታችሁ ከኔትወርክ ብታወጡት ደግሞ ግሩም ነው።

የከተማ አስተዳደር መጠን ያለው መሥሪያ ቤት፦ በየክፍሉ አንድ ተጠሪ፣ በዓመት አንድ መክፈቻ ስልጠና፣ በየሩብ ዓመቱ ቪዲዮ። አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ ከማስመጣታችሁ በፊት ጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አነጋግሩ። ሰዎቹ እዚሁ ናቸው፣ የቢሮውን ቋንቋ ይችላሉ፣ ችግር ሲፈጠር በማግስቱ ይደርሳሉ። ኢንሳን መጠየቅ የሚያዋጣው ሲስተም ለማስፈተሽ ሲሆን ነው፤ ያ የነሱ ሥራ ነው።

ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ፦ የፊሺንግ ፈተና ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው። ሆስፒታል ከሆናችሁ የታካሚ መረጃ ይዛችኋል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከታችኋል። ተጠሪው ሌሊትም ስልክ የሚያነሳ ይሁን። ሆስፒታል አይዘጋም፣ አጥቂም የሥራ ሰዓት የለውም።

የፌዴራል ቅርንጫፍ፦ ሲስተሙን የሚጠብቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ እናንተ ጋ የሚቀረው የስልኩ ጉዳይ ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰው ወደ ቤቱ ሊወጣ ሲል፣ "ከዋናው መሥሪያ ቤት አይቲ ነኝ፣ ሲስተም እያስተካከልን ስለሆነ የመጣልህን ኮድ አንብብልኝ" የሚል ይደውላል። ድምፁ ጨዋ ነው፣ የኃላፊውን ስም ያውቃል፣ ይቸኩላል። ስልጠና የወሰደም ሰው በዛ ሰዓት ይረሳል። ስለዚህ ከአሁኑ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋገሩና መልሳችሁ የምትደውሉበትን አንድ ቁጥር ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። የደወለው ማንም ይሁን ማን መልሱ አንድ ነው፦ "እሺ ጌታዬ፣ በዚህኛው ቁጥር መልሼ እደውላለሁ።" ከተቆጣ ይቆጣ፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፉና ለተጠሪው ደውሉ።